ከመጥረቢያው እስከ ካዛንቺስ

የአዲስ አበባው ሰፈር ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን የቤቶች መሥሪያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመው ይህ ድርጅት ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራ ሲሆን በምህጻር «ኢንቺስ» ይባል ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው ወረራ ለጣሊያን ሹማምንትና ጸሐፊዎች አዲስ አበባ ላይ የተሠሩት ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። የከተማው ሰው ሁለቱን ቃል አጋጥሞ ካዛንቺስ አለው።

ቤቶቹን የሠራው የሙሶሊኒ አገዛዝ ዓርማ በበትር እስር መካከል የተሰካ መጥረቢያ ነበር። በላቲን «ፋስኪስ» እስር ወይም ነዶ ነው፤ «ፋሽስት» የመጣውም ከዚሁ ነው። የእኛው «ፋስ» በድምፅ ቢመስለውም ዘመዱ የዐረብኛው ቃል ነው፤ ከሮማ ጋር አይገናኝም።

ዓርማው በዕድሜ ከሮማ ሪፐብሊክም ይቀድማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጣሊያን ውስጥ ቬቱሎኒያ ላይ በተቆፈረ የጥንቶቹ ኤትሩስካውያን መቃብር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የብረት ዘንጎች እስር ከነመጥረቢያው ተገኝቷል። መጥረቢያው ባለ ሁለት አፍ ነው። ሮማውያን እንዲህ ያለውን «ቢፔኒስ» ይሉታል፤ «ቢ» ሁለት፣ «ፔና» ላባ ወይም ክንፍ ነውና ባለ ሁለት ክንፍ እንደ ማለት ነው።

ሮማ ውስጥ ሊክቶር የሚባሉ አጃቢዎች እስሩን ተሸክመው በባለሥልጣኑ ፊት ይሄዳሉ፤ በቆንስል ፊት 12፣ በዲክታተር ፊት 24። በትሩ ለግርፋት፣ መጥረቢያው አንገት ለመቁረጥ ነው። ቆንስሉ ከተማ ሲገባ ግን መጥረቢያው ከእስሩ ይወጣል፤ ሞት የተፈረደበት ዜጋ ለሕዝብ ጉባኤ ይግባኝ የማለት መብት ነበረውና።

ሙሶሊኒ ዓርማውን ሲወርስ ይህን ገደብ አልወረሰም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ ጥቁር ለባሾች የሚባሉት የፋሽስት ታጣቂዎች 3 ቀን ሙሉ የአዲስ አበባን ሕዝብ ጨፈጨፉ። ይግባኝ የሚሰማ አልነበረም።

ጣሊያን ሲወጣ አማርኛ ሁለቱንም ቃላት አስቀረ፤ ዕጣቸው ግን ለየቅል ሆነ። ካዛንቺስ የመኖሪያ ስም ሆነ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ብዙ ነባር ቤቶቹ ቢፈርሱም፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ዛሬም ሰው ሰፈሩን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። «ፋሽስት» በበኩሉ ከጣሊያን ጋር አልወጣም፤ በአብዮቱ ዘመን ኢሕአፓ ደርግን የወነጀለው በዚሁ ቃል ነበር። ሮማ ለሹም ክብር ያሸከመችው እስር አማርኛ ውስጥ የገዢ መክሰሻ ሆኖ ቀረ።