አፍንጫና አዋጅ፦ ትምባሆና ዕጣን በዋግ ደጋ

ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ እጅና ስለ እግር ብዙ ጽፈዋል፤ እጅ የመዘዘውን ጎራዴ፣ እግር የዘመተበትን አገር ቆጥረዋል። ስለ አፍንጫ የጻፈ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ አፍንጫ የመንግሥት ጉዳይ የሆነበት ዘመን ነበር። በዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመነ መንግሥት (1864–1881 ዓ.ም.) ትምባሆ በአዋጅ ተከለከለ። በዘመኑ አገሩን የጎበኙ የውጭ ሰዎች እንደጻፉት፣ ሱረት ሲስብ የተገኘ አፍንጫው፣ ሲያጨስ የተገኘ ከንፈሩ እንዲቆረጥ ታዝዞ ነበር። አንድ ሕዝብ ምን እንደሚያሸትና ምን እንደሚያጣጥም የሚወስነው ማን ነው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በዋግ ደጋ ታሪክ ውስጥ ሲፈተሽ ከሥልጣን፣ ከሃይማኖትና ከገበያ ጋር የተጠላለፈ ሆኖ ይገኛል።

ዋግ የራሱ ክብርና የራሱ ሥርዓት የነበረው አገር ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ የዛጕዌ ነገሥታት ዙፋኑን ለሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ሲለቁ የዋግ ግዛት ለዘራቸው ተተወ፤ ዋግሹሙም የብር ነጋሪት የማስጎሰምና በብር ወንበር የመቀመጥ መብቱ ተጠበቀለት። ከዚህ ቤት የወጡት ዋግሹም ጎበዜ፣ ዓፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ባለቤታቸው ድንቅነሽ ምርጫ የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ እኅት ነበሩ። ጋብቻው ግን ጦርነቱን አላስቀረም። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አሳም በተባለው ስፍራ ተክለ ጊዮርጊስ ተሸንፈው ተማረኩ፤ ካሳም በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከዚያ ወዲያ የዋግ ነጋሪት ከብር የተሠራ ቢሆንም የሚያሰማው የአሸናፊውን ቃል ሆነ።

በዚያ ዘመን አዋጅ የሚነገረው ሕዝብ በሚሰበሰብበት ገበያ ነበር። ሰቆጣ ደግሞ ከአፋር ረባዳ ምድር ተቆርጦ ወደ ደጋው የሚወጣው አሞሌ ከሚገበይባቸው ታላላቅ የሰሜን ገበያዎች አንዷ ነበረች። በእንዲህ ያለው ገበያ ኽምጣና ተናጋሪው ከአማርኛና ከትግርኛ ተናጋሪው፣ ክርስቲያኑ ገበሬ ከእስላሙ ነጋዴ ጋር ይገናኛል። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ትምባሆ፣ እንደ ቡናና እንደ ጫት ሁሉ፣ የሌላው እምነት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። ስለዚህ አዋጁ ያነጣጠረው በቅጠሉ ላይ ብቻ አልነበረም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተገዥውን ሃይማኖት አንድ ለማድረግ የቆረጠው መንግሥት፣ ትንፋሹንም አንድ ለማድረግ የተነሣ ነበር።

ለክልከላው ማጽኛ የሆነ አፈ ታሪክም ነበር። ትምባሆ የበቀለው በመናፍቁ በአርዮስ መቃብር ላይ ነው ይባል ነበር። ይህ ተረት በታሪክ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ አይቆምም። አርዮስ የሞተው እ.ኤ.አ. በ336 ነው፤ ትምባሆ ግን የአሜሪካ ምድር ተክል በመሆኑ፣ ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ውቅያኖሱን ከማቋረጡ በፊት በቀረው ዓለም አይታወቅም ነበር። በሁለቱ መካከል ከ1100 ዓመት በላይ አለ። ተረቱ የዕፀዋት ታሪክ ባይሆንም የኅብረተሰቡን አስተሳሰብ በግልጽ ያሳያል፤ እንግዳ የሆነው ቅጠል፣ እንግዳ ነው ተብሎ ከተወገዘው ትምህርት ጋር በአንድ መቃብር ተቀብሮ እናገኘዋለን።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ብቻውን አልነበረም። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1604 ትምባሆን የሚያወግዝ ጽሑፍ በራሱ ብዕር አሳተመ። የኦቶማኑ ሱልጣን ሙራድ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1633 አጫሹን በሞት የሚቀጣ ክልከላ አወጣ። በሩስያም በዚያው ክፍለ ዘመን አፍንጫን መሰንጠቅ የትምባሆ ቅጣት ነበር፤ ክልከላውን እ.ኤ.አ. በ1697 ያነሣው ታላቁ ጴጥሮስ ነው። የእነዚህ አዋጆች ሁሉ መጨረሻ ተመሳሳይ ሆነ። ምላጭ ያላስቆመውን ልማድ ነገሥታቱ ኋላ ቀረጥ ጥለው አተረፉበት።

ይሁን እንጂ የዋግ ደጋ ሰው ጭስን የሚጠላ ሰው አይደለም። አማርኛ ቤትን በጭሱ ይቆጥራል፤ «ጭሰኛ» የሚለው ቃል ራሱ ጭስ የሚወጣበት ጎጆ ካለው ሰው የመጣ ነው። የጠላው ጋን በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ የወተቱ ዕቃ በጥንጁት ይታጠናል። ንብ አርቢው የዋግን ነጭ ማር የሚቆርጠው በጭስ እየመራ ነው። በቤተ መቅደስ ጽና ይወዛወዛል። ጋኑ በደንብ መታጠኑን የምትፈርደው ባለሙያ አፍንጫዋን እንደ ሚዛን ትጠቀምበታለች፤ ወይራው አንሶ እንደሆነ፣ በዝቶም እንደሆነ ጠላው ገና ሳይጠነሰስ ታውቀዋለች። ይህ በትምህርት ቤት ያልተጻፈ፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ የሰፊው ሕዝብ ጥበብ ነው።

የዚህ ጥበብ ዋና ማሳያ ዕጣን ነው። በዋግ ኽምራ ቆላ፣ በአበርገሌና በተከዜ ሸለቆ ዙሪያ፣ ሊቃውንት ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የሚሉት የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። በበጋው ወራት ቅርፊቱ እየተላጠ ይደማል፤ የፈሰሰው ሙጫ ደርቆ ይለቀማል፤ ከዚያም በመጠኑና በቀለሙ በደረጃ ይለያል። ነጭና ትልልቁ ከፍ ያለ ዋጋ ያወጣል፤ የጠቆረውና ቅርፊት የተቀላቀለበት ዝቅ ይላል። ማንም አዋጅ ሳያስገድደው፣ ሕዝቡ ስለ ጭስ የማጣጣምና የመፍረድ ሙሉ ሥርዓት አበጅቷል ማለት ነው።

ትምባሆ በሌላው ዓለም ያገኘው እንዲህ ያለውን ሥርዓት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የፒፓ ትምባሆ ቅልቅል ማጣጣም ለብዙዎች የትርፍ ጊዜ ሙያ ሆኗል። ስኳር የበዛበት የቨርጂኒያ ቅጠል ለጣፋጭነቱ፣ በርሊ ለክብደቱ፣ በሉዊዚያና በግፊት ታሽቶ የሚብላላው ፔሪክ ለሚኮሰኩስ ቅመምነቱ ይቀላቀላሉ። አጣጣሚው ቅጠሉን ሳይለኩስ ያሸታል፤ ሲለኩሰው የመጀመሪያውን፣ የመካከሉንና የመጨረሻውን ጣዕም ለይቶ ይፈርዳል። በተለይ ላታኪያ የተባለው፣ በሶርያ ወደብ ስም የሚጠራውና ኋላ በቆጵሮስ የተመረተው ቅጠል፣ የሚደርቀው በእንጨትና በቁጥቋጦ ጭስ እየታጠነ ነው፤ እንደ ጠላ ጋን ማለት ይቻላል። ወዳጆቹም መዓዛውን ከቤተ ክርስቲያን ዕጣን ጋር ያመሳስሉታል። አንዱ ሕዝብ ከመናፍቅ መቃብር በቀለ ያለውን ሽታ፣ ሌላው የቤተ መቅደስ ሽታ አለው።

በኢትዮጵያስ? ትምባሆ ጨርሶ አልጠፋም። በልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር ቅልን፣ መቃንና የሸክላ ማጨሻን አገናኝቶ ጭሱን በውኃ የሚያሳልፈው ጋያ ቆይቷል፤ ቅጠሉን ፈጭቶ ከአመድ ጋር በመቀላቀል የሚሳበው ሱረትም ቆይቷል። የአመዱ ልክ ራሱን የቻለ እውቀት ነው፤ የአመዱ ባሕርይ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ኒኮቲን ስለሚያላቅቀው መጠኑ የሱረቱን ኃይል ይወስናል። ነገር ግን ይህ እውቀት በደጋው ክርስቲያን ዘንድ የአደባባይ ቋንቋ አላገኘም። ቡናም ተወግዞ ነበር፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ውግዘቱ ሲላላ ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ጎረቤት የሚጠራበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ሥርዓት ሆነ። ሱረት ሳቢ ግን ዘወር ብሎ ይስባል። አዋጁ ከዮሐንስ ሞት በኋላ ቢላላም ነውሩ አልላላም። ምላጩ ያልቻለውን ነውር ቻለው።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሌላ መልክ ይዞ መጣ። ከጣሊያን ወረራ ማክተም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ትምባሆ በመንግሥት ሞኖፖል ሥር ተያዘ፤ በደርግ ዘመንም ከክብሪት ጋር በአንድ ኮርፖሬሽን ተጠቃለለ። ቅጠሉንና የሚለኮስበትን እሳት የሚሸጠው አንድ ባለቤት ሆነ። ድርጅቱ ኋላ ወደ ግል ሲዛወር የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 በ510 ሚሊዮን ዶላር 40 በመቶውን ድርሻ ገዛ፤ በቀጣዩ ዓመት ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አደረሰው። በአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል ውስጥ የኢትዮጵያዊው አፍንጫ ከምላጭ ወደ ሒሳብ መዝገብ ተሸጋገረ። በሁለቱም ጊዜ ባለ አፍንጫው አልተጠየቀም።

እውነተኛው ፍርድ የመጣው ከሳይንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በብሪታንያ የታተመው የዶልና የሂል ጥናት ማጨስን ከሳንባ ካንሰር ጋር አያያዘው፤ ከዚያ ወዲህ የተከማቸው ማስረጃ ለክርክር ቦታ አልተወም። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጸደቀች። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች ማጨስን ከለከለ፤ ማጣፈጫ የተጨመረበትን ትምባሆ አገደ፤ የፓኮውን 70 በመቶ ለማስጠንቀቂያ አዋለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከአዋቂው ሕዝብ ትምባሆ ተጠቃሚው 5 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ቁጥር ውስጥ የቆየው የደጋው ነውር ድርሻ እንዳለው መካድ አይገባም።

እንግዲህ የታሪክ ፍርድ ሦስት ወገን አለው። የዮሐንስ ክልከላ ፍሬ ነገሩ ትክክል፣ ምክንያቱ ተረት፣ መሣሪያው ግፍ ነበር። ትክክል የሆነ ነገር በግፍ ሲታዘዝ ሕዝቡ የሚማረው መደበቅን እንጂ ማመዛዘንን አይደለም። ጎጂውን ከጠቃሚው የመለየት ችሎታ የሚያድገው በአደባባይ ሲነገር፣ ምክንያቱም ሲብራራ ነው።

ይህን ማወቅ ለዋግ ኽምራ ዛሬም ሥራ አለው። ሕዝቡ መልካም ብሎ የፈረደለት ጭስ ምንጩ እየተመናመነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የዕጣን ዛፍ ጥናት፣ ያረጁትን የሚተኩ ችግኞች በማነሳቸው ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ከብቶች ችግኙን ይበላሉ፤ ቃጠሎ ያጠፋዋል፤ ያለ ልክ የሚቆሰለው ዛፍም ይደክማል። እዚህም ቅጣት ብቻውን ዛፍ አያበቅልም። መምህሩ በክፍል ውስጥ፣ ካድሬው በቀበሌው ስብሰባ፣ ከያኒው በመድረክ ላይ የዕጣኑን ዛፍ ከነቁስሉ ቢያሳዩ፣ ነጭ ዕጣን ከጥቁሩ የሚለየው አፍንጫ ዛፉ የሚጠይቀውንም ዕረፍት ለይቶ ያውቃል። ሕዝብ ያመነበትን ለመጠበቅ ነጋሪት አያስፈልገውም።