ድንጋዩን የያዘው አሸዋ ነው፦ ከአፒያ መንገድ እስከ ሰፈራችን ኮብልስቶን

የሰፈራችሁ መንገድ ኮብልስቶን ከሆነ ዛሬ ከቤት ስትወጡ ጎንበስ ብላችሁ አንድ ነገር ተመልከቱ። ድንጋዩን ሳይሆን በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለውን ክፍተት። በአሸዋ ጢም ብሎ ሞልቷል ወይስ ጣታችሁን ያስገባል? ባዶ ከሆነ፣ እዚያው አካባቢ ስትረግጡት የሚወዛወዝ ወይም የሰመጠ ድንጋይ ማግኘታችሁ አይቀርም። እኔም ስለ መንገድ መማር ስጀምር ጥንካሬው ሁሉ ከድንጋዩ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። አይደለም።

እስኪ መጀመሪያ አንድ ሙከራ እንሥራ። ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ስምንት ወይም ዘጠኝ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ ጎን ለጎን ደርድሩ። ከሁለቱም ጫፍ በመዳፋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑና ሁሉንም አንድ ላይ አንሷቸው። መሀል ያሉትን ማንም አልያዛቸውም፤ ግን አይወድቁም። የያዛቸው በመካከላቸው ያለው ሰበቃ ነው። አሁን እጃችሁን ትንሽ ላላ አድርጉ። የመሀሎቹ ወዲያው ተንሸራተው ይወድቃሉ።

የድንጋይ ንጣፍም እንዲሁ ነው። የመኪና ጎማ አንድ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ፣ ክፍተቱን የሞላው አሸዋ ሸክሙን ለጎረቤት ድንጋዮች ያካፍላል። እጃችሁ የሠራውን ሥራ ደግሞ በመንገዱ ዳርና ዳር የተተከለው ጠርዝ ይሠራል። አሸዋው ከጎደለ ወይም ጠርዙ ከተከፈተ እያንዳንዱ ድንጋይ ብቻውን ይቀራል።

ሮማውያን ይህን ችግር በራሳቸው መንገድ ፈቱት። የአፒያ መንገድ ግንባታ የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ነው። መጀመሪያ ጠጠር ነበር፤ ኋላ ላይ በትልልቅ፣ ባለ ብዙ ጎን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተነጠፈ። ድንጋዮቹ እርስ በርስ እንዲገጥሙ ተደርገው ስለተጠረቡ ክፍተቱ እጅግ ጠባብ ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መንገዱን የገለጸው ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ፣ ያለ ማጣበቂያ የተጋጠሙት ድንጋዮች አብረው የበቀሉ እንደሚመስሉ ጽፏል። እንዲህ አድርጎ መጥረብ ግን ጊዜና ጉልበት ይበላል። በኋላ የመጡ ብዙ ከተሞች ድንጋዩን በተቀራራቢ መጠን ጠርበው ልዩነቱን ለአሸዋ ተዉለት።

ከእነዚህ ከተሞች አንዷ ፓሪስ ናት። ግንቦት 2 ቀን 1960 (እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1968) ምሽት ላይ በላቲን ሰፈር ተማሪዎች ከፖሊስ ጋር ተፋጠጡ። መንገድ መዝጊያ ለመሥራት የጎዳናውን ድንጋይ መንቀል ጀመሩ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ማውጣት ከባድ ነው። አንዱ ከወጣ ግን ጎረቤቱ መደገፊያ ያጣል፤ ቀሪው ቀላል ይሆናል። ከሥር የተገኘው አሸዋ ነበር። ከመንገዱ ድንጋይ በታች የባሕር ዳርቻ አለ የሚለው የዚያ ወር ዝነኛ መፈክርም የሚያስታውሰው ይህንኑ አሸዋ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ የድንጋይ ጎዳናዎች በአስፋልት ተሸፈኑ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የወሰድኩት የምህንድስና ትምህርት ይህ ነው፦ አሸዋ አያጣብቅም፤ ይቆልፋል። ለዚህም ነው ንጣፉ መኪና ተሸክሞ እያለ፣ ሲያስፈልግ ተነቅሎ ተመልሶ ሊነጠፍ የሚችለው።

ይህ መቆላለፍ በልክ የተጠናው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ብሪያን ሻክል የተባለ ተመራማሪ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ የኮንክሪት ብሎክ ንጣፎችን በከባድ ጎማ ደጋግሞ ፈተነ። ንጣፎቹ መጀመሪያ ትንሽ ሰመጡ። ከዚያ ግን ጎማው ሲመላለስባቸው እየጠነከሩ ሄዱ፤ አሸዋውና ብሎኩ ይበልጥ ተቆላልፈዋልና። በፋብሪካ ለሚመረት ብሎክ ዛሬ የሚመከረው ክፍተት ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ኮብልስቶን በከተሞቻችን የተስፋፋው በ1990ዎቹ ማብቂያ ድሬዳዋ ላይ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ከተሞከረ በኋላ ነው። ብዙ ሺህ ወጣቶች፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ሳይቀሩ፣ መዶሻና መሮ ይዘው ጠረቡ፤ አነጠፉ። ድንጋዩ በእጅ ስለሚጠረብ ክፍተቱ ከብሎክ ይሰፋል። ስለዚህ የአሸዋው ምርጫ ይበልጥ ወሳኝ ነው።

ታዲያ ምን ዓይነት አሸዋ? አንደኛ፣ ማዕዘን ያለው። ትሪ ላይ የፈሰሰ አተር እንደሚንከባለል ሁሉ ወንዝ ያለሰለሰው ክብ አሸዋም ይንሸራተታል፤ ከክሬሸር የሚወጣ ደቃቅ ግን እርስ በርሱ ይነካከሳል። ሁለተኛ፣ ትልቁ ፍሬ ክፍተቱ ውስጥ መግባት አለበት። ነገር ግን ሁሉም ዱቄት ከሆነ ዝናብ ያጥበዋል። ሦስተኛ፣ ጭቃ ያልበዛበት። ይህን ለማወቅ ጥቂቱን በውሃ ጠርሙስ ውስጥ በጥብጣችሁ አስቀምጡት፤ አሸዋው ቶሎ ይዘቅጣል፣ ጭቃው ዘግይቶ ከላይ ይተኛል። የጭቃው ንብርብር ወፍራም ከሆነ ሌላ አሸዋ ፈልጉ። አራተኛ፣ ደረቅ። በክረምት እርጥበት የገባው ጨው ከዕቃው አልወርድ እንደሚለው ሁሉ፣ እርጥብ አሸዋም ክፍተቱ አፍ ላይ ተያይዞ ይቀራል። ከላይ ሲያዩት የሞላ ይመስላል፤ ከሥር ግን ባዶ ነው።

አሞላሉ ትዕግሥት ይጠይቃል። አሸዋው ይበተናል፣ በመጥረጊያ ወዲያና ወዲህ ይገፋል፣ ከዚያ በኮምፓክተር ይመታል። ንዝረቱ አሸዋውን ወደ ታች ሲያወርደው ክፍተቱ እንደገና ይጎድላል፤ እንደገና ይሞላል። መውረዱን እስኪያቆም ይደጋገማል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ተመልሶ ማየትና የጎደለውን መሙላት ያስፈልጋል።

«በሲሚንቶ ብንሞላውስ?» ትሉ ይሆናል። ከሥር የኮንክሪት መሠረት ካለ ይቻላል። ድንጋዩ የተኛው አሸዋ ላይ ከሆነ ግን፣ ጎማ በረገጠው ቁጥር ንጣፉ በጥቂቱ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፍ የማይችለው ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፣ ውሃም በስንጥቁ ይገባል።

ባለፈው ዓመት በእኛ ሰፈር ለውሃ ቧንቧ መንገዱ ተቆፍሮ ነበር። ድንጋዮቹ በሥርዓት ተመልሰው ተደረደሩ፤ አሸዋው ግን ተረሳ። ክረምቱ ሳይወጣ የተቆፈረው መስመር ሰመጠ። ቀጥሎ ቁፋሮው ያልነካቸው ድንጋዮችም መላቀቅ ጀመሩ። ያን መንገድ ያነጠፉት ልጆች ላባቸውን አፍስሰውበታል፤ የጎደለው ግን ጥቂት ባሬላ አሸዋና የግማሽ ቀን ሥራ ብቻ ነበር።

እናንተም ሰፈር መንገድ ተቆፍሮ ድንጋዩ ሲመለስ ብታዩ፣ ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ሳይሰበስቡ ቀረብ በሉና «አሸዋውስ?» ብላችሁ ጠይቁ።