ሬሳውና ኬኩ

ስለ ወንጀል ልብ ወለድ ሲነሣ ከመካከላችን ፊቱን የሚያጠቁር አይጠፋም። «ጊዜ መግደያ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ሰው በዚህ ነገር አይኑን አያደክምም» ይባላል። መርማሪዋ ኬክ ጋጋሪ ስትሆንማ፣ በምዕራፍና በምዕራፍ መካከልም የብስኩት አሠራር ከነቅቤው ልክ ሲሰገሰግ፣ መጽሐፉ መሳቂያ ሆኖ ያርፋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያሉትን «ኮዚ» ይሏቸዋል። ደም የማይረጭባቸው፣ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ብርድ ልብስ ደርበው የሚያነቧቸው ለማለት ነው። እኛ ግን ከመሳቃችን በፊት ነገሩን ከሥሩ እንየው ብለናል። ሰው ለምን ይወዳቸዋል? ምን ይጎድላቸዋል? (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሥሩ ያለው ልብ ወለድ ውስጥ ሳይሆን ፍርድ ቤት ነው። በ1839 መጨረሻ ላይ ማሪ ላፋርዥ የምትባል ፈረንሳዊት ለጉዳይ ፓሪስ ለሄደው ባሏ ከገጠር ቤታቸው ኬክ ላከችለት። ሰውየው ቀመሰና ታመመ፤ ቤቱ ተመልሶም አልዳነም፣ በጃንዋሪ 1840 ሞተ። ሚስቲቱ ለአይጥ ነው ብላ አርሴኒክ ገዝታ ነበር። ቤቱ ውስጥ የነበረች ሌላ ሴት ደግሞ ማሪ ለበሽተኛው በሚቀርበው መጠጥ ላይ ነጭ ዱቄት ስታማስል አይቻለሁ አለች። ቀደም ባለው ዘመን ቢሆን እንዲህ ያለው ነገር ከሐሜት ብዙም አያልፍም ነበር። አርሴኒክ ርካሽ ነው፤ ምግብ ውስጥ ሲገባ ጣዕሙ አይታወቅም፤ የሚያስከትለው ትውከትና ተቅማጥም ከኮሌራ አይለይም። ሆኖም ጄምስ ማርሽ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1836 እጅግ ጥቂት አርሴኒክ እንኳ ለይቶ የሚያሳይ ዘዴ አሳትሞ ነበር። በመጨረሻ ዝነኛው ኦርፊላ ከፓሪስ ተጠርቶ መጣና ከሬሳው ውስጥ መርዙን አገኘ። ማሪ በሴፕቴምበር 1840 ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ፈረንሳይ ግን ለሁለት ተከፍላ ተሟገተች፤ ግማሹ ገዳይ ናት ሲል ግማሹ ንጹሕ ናት አለ።

እንግዲህ ከዚህ የፍርድ ሂደት የምንይዘው አንድ ነገር አለ። ድስቱን ማን ጣደው? ትሪውን ማን አነሣው? ከተረፈው ማን ቀመሰ? እነዚህ ቀድሞ የሎሌና የገረድ ወሬ የነበሩ ጥያቄዎች አሁን ዳኛ ፊት የሚቀርቡ ማስረጃ ሆኑ። መቼስ ጥርጣሬው ራሱ አዲስ አይደለም። በኛም አገር አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የነበረው ለጨዋታ አልነበረም። አዲሱ ነገር ወጥ ቤት የነበረ ሰው ያየውን ሳይንስ ሊያረጋግጥለት መቻሉ ነው።

እንግሊዝ በ1851 ስለ አርሴኒክ ሽያጭ ሕግ አወጣች። ሻጩ የገዢውን ስም መዝገብ ላይ እንዲያሰፍር፣ ከዱቄት ጋር እንዳይምታታም ጥላሸት ወይም ሰማያዊ ቀለም እንዲቀላቀልበት ታዘዘ። ሕጉ ግን ሁሉንም በር አልዘጋም። በ1858 ብራድፎርድ በተባለው የኢንዱስትሪ ከተማ አንድ ከረሜላ ሠሪ ስኳር ውድ ስለነበረ እንደ ልማዱ የሚቀላቅለውን ርካሽ ዱቄት፣ ጀሶ ቢጤ ነገር፣ እንዲያመጡለት ላከ። ከመድኃኒት መሸጫው በስሕተት የተመዘነው አርሴኒክ ሆነ። ከረሜላው ገበያ ወጣ፤ 20 ያህል ሰዎች ሞቱ፣ ወደ 200 የሚጠጉ ታመሙ። ከሞቱት መካከል ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ሰዎች ቢከሰሱም የተፈረደበት የለም። እኛ ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ወጥ ቤት መርዝ ከተጻፉት ቀላልና አስደሳች ልብ ወለዶች መካከል ብራድፎርድን የሚመስል ስንት አለ? እዚያ ብልህ ገዳይ የለም፤ ያለው ድህነትና የተጭበረበረ ስኳር ነው። ይህ ደግሞ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ለማንበብ አይመችም።

ወደ ልብ ወለዱ እንለፍ። አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተወለደችበት በቶርኪ ከተማ ሆስፒታል አስታማሚ ነበረች፤ በኋላም መድኃኒት ማደያው ክፍል ገብታ ሠራች። መርዝን ያወቀችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሚዛኑ ነው ማለት ይቻላል። በ1920 የታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ መርዙ ስትሪክኒን ነበር፤ ጉዳዩም በቡናና በካካዎ ስኒ ዙሪያ ይሽከረከራል። በ1930 ዶሮቲ ሴየርስ ባሳተመችው «ብርቱ መርዝ» ደግሞ ዳኛው የሟቹን የመጨረሻ እራት ሳህን በሳህን ይቆጥራል። ከዚህም ሌላ ሰው በልቷል፣ ከዚያም ሌላ ሰው በልቷል፤ የሞተው ግን እሱ ብቻ ነው። እስኪ ይኼን ያነበበ ማን መጽሐፉን ይዘጋል? የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ዋና መስሕብ እዚህ ላይ ይገኛል። አንባቢው ሁሉ በልቶ ያውቃል፤ ሽጉጥ ተኩሶ ባያውቅም እንቁላል ጠብሷል። ስለዚህ ማስረጃውን ከመርማሪው እኩል መመዘን ይችላል።

በ1938 አሜሪካዊው ሬክስ ስታውት «ወጥ ሠሪ ሲበዛ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አወጣ። ያ ከቤቱ መውጣት የሚጠላው ወፍራም መርማሪ ኔሮ ዎልፍ በዌስት ቨርጂኒያ ወደሚገኝ መዝናኛ ይሄዳል፤ የዓለም ታላላቅ የምግብ ባለሙያዎች እዚያ ተሰብስበዋል። ዘጠኝ ሳህን ስጎ ይቀርባል፤ ከእያንዳንዱ ሳህን ከዘጠኙ ቅመሞች አንዱ ጎድሏል፤ ባለሙያዎቹ ተራ በተራ እየገቡ የጎደለውን መለየት አለባቸው። በዚህ መካከል ሰው በጩቤ ይገደላል። እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው። ነገር ግን ገዳዩን ለማግኘት የሚረዳውን ነገር ያየ ሰው ከታላላቆቹ መካከል አልነበረም። ዎልፍ በሌሊት ጥቁር አሜሪካውያኑን የወጥ ቤትና የመስተንግዶ ሠራተኞች ክፍሉ ጠርቶ እንደ ሰው ያነጋግራቸዋል። የአካባቢው ሹም በማስፈራራት ሊያገኘው ያልቻለውን በትሕትናና በክርክር ያገኘዋል። አፉን የሚፈታው ከሠራተኞቹ አንዱ፣ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ወጣት ነው። ሌት ትሪ ተሸክሞ ቀን የሚማር ተማሪ ምን ማለት እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ ያውቀዋል። መጽሐፉ ንጹሕ ነው አንልም፤ የሚተርክልን የዎልፍ ረዳት ራሱ ስለ ጥቁሮቹ የሚጠቀምባቸው የስድብ ቃላት ዛሬ ሲነበቡ ያንገሸግሻሉ። ቢሆንም ይህ ቀልደኛ መጽሐፍ በአሜሪካ ደቡብ የዘር መለያየት በሕግ ጸንቶ በነበረበት ዘመን «ምግቡን ማን ነው የሚያቀርበው?» ብሎ መጠየቁን ልንክደው አንችልም።

ተቺዎች ይህን ሁሉ አልፈውት ሄደዋል። ሬይመንድ ቻንድለር በ1944 የእንግሊዞቹን የመንደርና የሻይ ሰዓት ግድያ ሕይወት የሌለው እንቆቅልሽ ነው ብሎ ተቸ። ገጣሚው ኦደን በ1948 የጻፈው ግን ከዚህ ይጠልቃል። በሱ አስተያየት የዚህ ዓይነት ታሪክ አንባቢ የሚመኘው ኤደን ገነትን ነው። በመልካም ስፍራ ኃጢአት ይገባል፣ ኃጢአተኛው ይታወቃል፣ ይወገዳል፣ ስፍራው እንደገና ንጹሕ ይሆናል። ይህን ልብ በሉልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ዛሬ የምናውቀው መልክ፣ ማለትም ምግብ ሠሪዋ ራሷ መርማሪ የሆነችበትና አሠራሩ ከታሪኩ ጋር የሚታተምበት ልማድ፣ የጠነከረው በ1980ዎቹ በአሜሪካ ነው። ቨርጂኒያ ሪች በ1982 ባሳተመችው መጽሐፍ ሚስዝ ፖተር የሚሏትን ጠና ያለች ባልቴት ይዛ መጣች። ከሪች ሞት በኋላ የተረፈውን ማስታወሻዋን መነሻ አድርጋ ሌላ ደራሲ በ1993 አንድ መጽሐፍ ጨመረችበት።

ከሁሉም የምንመርጠው ግን የዳያን ሞት ዴቪድሰንን የ1990 መጽሐፍ ነው። ባለታሪኳ ጎልዲ በኮሎራዶ ተራሮች በምትገኝ ከተማ ለድግስ ምግብ እያዘጋጀች ልጇን የምታሳድግ ሴት ናት። የፈታችው ባሏ ሐኪም ነው፤ ሲደበድባት የኖረ ሐኪም። ከቀብር መልስ በምታቀርበው ምግብ ላይ የቀድሞ አማቷ ይመረዛል፤ ፖሊስ ሥራዋን ያስቆምባታል። ስለዚህ ጎልዲ ወንጀሉን የምትመረምረው ሥራ ፈትታ ወይም ነገር መጎርጎር ወዳ አይደለም፤ ምድጃዋ ካልተከፈተ ልጇ አይበላም። እንዲህ ሲሆን አሠራሩ ጌጥ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሳህን የቤት ኪራይ ነው። በየጊዜው የተደበደበች ሴት ድምፅም በኬኩ ሽታ ስር ሳይታፈን ይሰማል። ቀላል የሚባለው መጽሐፍ ከባድ ነገር መሸከም እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘንም።

ከዚያ በኋላ ጎርፉ መጣ። ጆአን ፍሉክ በ2000 የጀመረችው ተከታታይ ታሪክ ከ20 መጻሕፍት በላይ ሆኗል። ሚኒሶታ ውስጥ ሌክ ኤደን በምትባል ትንሽ ከተማ ሐና የኩኪስ ቤት አላት፤ በመጀመሪያው መጽሐፍ ወተት አመላላሹ ከሱቋ ጀርባ መኪናው ውስጥ ተተኩሶበት ሞቶ ይገኛል፤ ኩኪሶቿ ዙሪያውን ተበትነዋል። የከተማይቱን ስም ተመልከቱት፤ ኤደን! ኦደን አልተሳሳተም። ግን በየመጽሐፉ ሰው የሚገደልባት ትንሽ ከተማ በመጨረሻ ምን ትሆናለች? ከ1984 እስከ 1996 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው የወንጀል ተከታታይ ፊልም ካቦት ኮቭ የምትባል የባሕር ዳር መንደር ነበረችው፤ ሬሳ ስለበዛባት ስሟ መቀለጃ ሆኖ ቀረ። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ጉድለቱ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሐዘኑ ማነስ ነው። በኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ወንበርና ድስት ያወጣል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፤ ምግብና ሞት የሚገናኙት በዚህ ነው። በነዚህ መጻሕፍት ግን ብዙ ጊዜ ሬሳው የሚወድቀው መርማሪዋ እንድትነሣ ብቻ ነው፤ ምግቡ የሚመጣው ሐዘንተኛን ለማብላት ሳይሆን አንባቢው ሐዘኑን እንዲረሳ ነው። ሮአልድ ዳል በ1953 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ አንዲት ሚስት ባሏን በበረዶ በደረቀ የበግ እግር መትታ ትገድለውና ሥጋውን ጠብሳ መርማሪ ፖሊሶቹን ታበላቸዋለች። እዚያም እንስቃለን፤ ሳቁ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ሳቅና ሞት አብረው አይሄዱም የሚል ካለ ይህን ያንብብ።

አሁን ወደ ክሪስቲ እንመለስና እንጨርስ፤ መስሕቡንም ጉድለቱንም ባንድ ላይ የያዘ መጽሐፍ የጻፈችው እሷ ናትና። በ1950 የወጣው መጽሐፍ ግድያ እንደሚፈጸም በመንደር ጋዜጣ አስቀድሞ ሲታወጅ ይጀምራል። ጊዜው ጦርነቱ ያለፈበት ቢሆንም እንግሊዝ ገና በራሽን ላይ ነበረች፤ በ1940 የጀመረው የምግብ ራሽን ያበቃው በ1954 ነው። በደርግ ዘመን በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው ስኳር የገዙ ወላጆቻችን ቢያነቡት መንደሩ ቅቤና እንቁላል በስውር ሲለዋወጥ ወዲያው ይገባቸዋል። በዚህ ችግር መካከል ለልደት በዓል ቅቤና ቸኮሌት የተትረፈረፈበት ኬክ ይጋገራል፤ የቤቱ ወጣት በቀልድ «ጣፋጭ ሞት» ብሎ ይሰይመዋል። የምትጋግረው ሚትሲ ናት፤ ከአውሮፓ ጦርነት ሸሽታ የመጣች ስደተኛ። ቤተሰቦቼን ገደሏቸው፣ እኔንም ሊገድሉኝ ይመጣሉ እያለች ትጮኻለች፤ ቤቱ ሁሉ ውሸታም ይላታል፣ ደራሲዋም እንድንስቅባት ታደርጋለች። እመቤቲቱ ግን ለፖሊሱ ስትነግረው ብታጋንንም ቢያንስ አንድ ዘመዷ ሲገደል በዓይኗ እንዳየች ታምንላታለች። ይህ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገራል፣ ይታለፋልም። በመጨረሻ ገዳዩን ለማጥመድ ወጥመድ ሲዘረጋ ነፍሷን ለአደጋ ሰጥታ ወጥ ቤት ውስጥ የምትቆመው ይህቺው ሚትሲ ናት።

በ2010 የክሪስቲ ልደት 120ኛ ዓመት ሲከበር የ«ጣፋጭ ሞት» አሠራር ተዘጋጅቶ ለሕዝብ ወጣ። ዛሬ የፈለገ ሰው ኬኩን ቤቱ መጋገር ይችላል። መጽሐፉን የምታነቡ ሁሉ ሚትሲ የምትናገርባቸውን ገጾች ደግማችሁ አንብቧቸው፤ የመጀመሪያውን ጊዜ ከቤቱ ሰዎች ጋር አብራችሁ ሳትስቁባት አልቀራችሁም።