ወርልድ ኦፍ ዳርክነስ (የተሰረዘ የቪዲዮ ጨዋታ)

ወርልድ ኦፍ ዳርክነስ በአሜሪካ፣ በአትላንታ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ ለገበያ ሳይበቃ የተሰረዘ የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ደም መጣጭ ቫምፓየሮች ናቸው፤ የፊልም ተመልካች የሚሸሸውን ክፉ ፍጡር እዚህ ተጫዋቹ ራሱ ይሆነዋል።

ነገሩ የተጀመረው በመጽሐፍ ነው። በአትላንታ አካባቢ የተቋቋመው ኋይት ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1991 ቫምፓየር፦ ዘ ማስከሬድ የተሰኘውን የጠረጴዛ ጨዋታ አሳተመ። ተጫዋቾች ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ ዳይስ እየጣሉ ታሪኩን በቃል ይፈጥሩታል፤ ተረት እየሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ፈጽሞ እንግዳ የሚሆን ጨዋታ አይደለም። ድንቁ ነገር ክፉውን ከውስጥ ማሳየቱ ነው፦ ረኀቡን፣ ኀፍረቱን፣ ከሰውነት የቀረችውን ጥቂት ነገር ላለማጣት የሚያደርገውን ትግል።

በ2006 ኋይት ዉልፍ ከአይስላንዱ ሲሲፒ ጋር ተዋሐደ። ሲሲፒ የሚታወቀው የጠፈር መርከቦች በሚዋጉበት ኢቭ ኦንላይን ነው። በ2011 ኩባንያው ከሠራተኞቹ 20 በመቶ ያህሉን ሲቀንስ በትሩ የበረታው ወርልድ ኦፍ ዳርክነስ ይሠራበት በነበረው የአትላንታ ቢሮ ላይ ነበር።



ጨዋታውን የመሰረዙ ውሳኔ ኤፕሪል 14 ቀን 2014 ተነገረ። 56 ሰዎች ሥራቸውን አጡ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ያን ያህል የለፉበትን ዓለም አንድም ተጫዋች ገዝቶ ሳይገባበት መቅረቱ ነው። በ2015 ሲሲፒ ኋይት ዉልፍን ለስዊድኑ ፓራዶክስ ኢንተራክቲቭ ሸጠው።