ጦስኝና የኢብኑል በይጣር ትምህርት

ሐይቅና አምባሰል ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ሻይ ላይና በርበሬ ውስጥ የምትጨምሩት ጦስኝ በወሎ ደጋ መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ አባቶቻችን ለሳልና ለጉንፋን የተገለገሉበት የአላህ ጸጋ ነው።

የማላጋው ተወላጅ ኢብኑል በይጣር በ646 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1248) ደማስቆ ላይ እስኪሞት ድረስ ከአንዳሉስ እስከ ሻም ተጉዞ ዕፅዋትን በዓይኑ አይቷል፤ 1,400 ያህል የመድኃኒትና የምግብ ዓይነቶችንም በመጽሐፍ አስፍሯል።

የእናቶቻችን እውቀት ግን ሳይጻፍ አብሯቸው ይቀበራል። ጦስኙም ለገበያ ሲባል ከነሥሩ ይነቀላል። እንግዲያው ቅጠሉን ከላይ ብቻ እንቁረጥ፤ መሬት ነክቶ ሥር ያወጣውን ቅርንጫፍ ለይተን በጓሯችን እንትከል፤ አዛውንቶችንም ጠይቀን እንጻፍ። ጸጋው አማና ነው፤ ስንጠየቅበት መልስ ይኑረን። ወላሁ አዕለም።