ከውስጥ የሚነሣ ጉም፦ የእሽቅድምድም መኪና የፊት መስታወት ታሪክ

የመኪና የፊት መስታወት ከውጭ በኩል የሚገጥመው ጠላት ዝናብና ጭቃ ሲሆን፣ ከውስጥ በኩል የሚገጥመው ደግሞ የአሽከርካሪው የገዛ ትንፋሽ ነው። ለውጩ ጠላት መላ የተገኘለት ቀደም ብሎ ነው፤ አሜሪካዊቷ ሜሪ አንደርሰን በእጅ የሚንቀሳቀስ የመስታወት መጥረጊያ ፈልስፋ የባለቤትነት መብት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1903 ነበር። የውስጡ ግን፣ በተለይ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ምንጣፉ፣ የጣሪያው ልባስና ማሞቂያው ሁሉ ተነቅሎ ባዶ ቀፎ በሚቀረው የእሽቅድምድም መኪና፣ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን መሐንዲሶችን ሲያስቸግር ኖሯል። የዚህን ችግር ታሪክ ለመከታተል ደግሞ መኪኖች ቀንና ሌሊት ለ24 ሰዓት ያለማቋረጥ ከሚሮጡበት ከፈረንሳዩ ለ ማን የተሻለ ስፍራ የለም።

በመስታወቱ ላይ የሚታየው ጉም ጤዛ ነው። በአማርኛ ጤዛ «ይወርዳል» ይባላል፤ አውሮፓውያንም ለብዙ ዘመን ጤዛን ከሰማይ እንደሚወርድ ነገር ይቆጥሩት ነበር። ዊልያም ቻርልስ ዌልስ የተባለ የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው ጥናት ግን ጤዛ በአየር ውስጥ ያለ የውኃ ተን ከእርሱ ይልቅ የቀዘቀዘ ገጽ ሲነካ ወደ ውኃነት የሚመለስበት ሁኔታ መሆኑን አስረዳ። አየር ተን የመሸከም አቅሙ በሙቀቱ መጠን ይወሰናል፤ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 30 ግራም የሚጠጋ ተን ሲይዝ፣ ወደ 10 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ግን ሊይዝ የሚችለው ከ9 ግራም ብዙም አያልፍም። ትርፉ የሚያርፈው በአቅራቢያው ባለው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ሲሆን፣ በዝናብ ጊዜ በመኪና ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀዘቅዘው ገጽ ውኃና ነፋስ ፊት ለፊት የሚገርፈው የፊት መስታወት ነው። አሽከርካሪው በበኩሉ እሳት በማይበላው ወፍራም ልብስ ተጠቅልሎ ያልበዋል፣ ከሳንባው የሚወጣውም አየር ሞቃትና በተን የተሞላ ነው፤ ስለዚህ በጠባቡ ክፍል ውስጥ እርሱ ራሱ እሳት ላይ እንደተጣደ ማንቆርቆሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ለ ማን እ.ኤ.አ. በ1923 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ዝናብ አልጠፋም ነበር፤ ሆኖም አንድሬ ላጋሽና ሬኔ ሌዮናር በሼናር-ዋልከር መኪና ያሸነፉበት ያ ውድድር የክፍት መኪኖች ውድድር ስለነበር፣ አሽከርካሪዎቹ በብርድና በዝናብ ቢሰቃዩም ትንፋሻቸውን ነፋሱ ይወስድላቸው ነበር። ፊል ሂልና ኦሊቪዬ ዣንድብየን በፌራሪ ባሸነፉበት በ1958ቱ ዝናባማ ውድድር ጊዜም ሁኔታው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም፤ መስታወቱ አላሳይ ካለ በአናቱ ላይ አሻግሮ ማየት ይቻላልና።

ነገሩን የለወጠው ጣሪያ ነው። መርሴዲስ-ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1952 ወደ ውድድር ሲመለስ በ300 ኤስ ኤል ላይ የገጠመው ሞተር ከተራ የመንገድ መኪናው የተወሰደና ከተፎካካሪዎቹ ጉልበት የሚያንስ ስለነበር፣ መሐንዲሶቹ የጎደለውን ጉልበት አየርን በቀላሉ ሰንጥቆ በሚያልፍ የተዘጋ ቅርጽ ለማካካስ ወሰኑ፤ ኸርማን ላንግና ፍሪትዝ ሪስም በዚያው ዓመት ለ ማንን በዚህች ባለ ጣሪያ መኪና አሸነፉ። ክፍት መኪኖች ከዚያ በኋላም ቢያሸንፉ፣ ፍጥነት የፈለጉ ብዙዎች ቀስ በቀስ ወደ ጣሪያ አዘነበሉ፤ ጣሪያ የደፋ መኪና ደግሞ ትንፋሽንም አብሮ ዘጋበት።

በተራ መኪና ይህ ችግር የሚፈታው በማሞቂያ ነው። ሞተሩን አቀዝቅዞ የሞቀው ውኃ ከክሩስኮቱ ጀርባ ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፣ ቬንቲላተር በእርሷ ላይ የነፋው አየር ይሞቅና ወደ መስታወቱ ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር፣ ከውጭ የገባው የዝናብ ቀን አየር እርጥብ ቢመስልም ሲሞቅ «የሚደርቅ» መሆኑ ነው፤ በ10 ዲግሪ በተን የተሞላ አየር ወደ 30 ዲግሪ ቢሞቅ የያዘው ተን ከአቅሙ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ይሆናል፣ ስለዚህ ከመስታወቱ ላይ ውኃን ለመጠጣት ዝግጁ ነው። የእሽቅድምድም መኪና ሠሪ ግን ትንሿን ራዲያተር፣ ቱቦዎቿን፣ በውስጧ ያለውን ውኃና ቬንቲላተሩን የሚያየው በኪሎ ሂሳብ ነው፤ ዝናብ ሊዘንብም ላይዘንብም ይችላል፣ ክብደቱ ግን በእያንዳንዱ ዙር አብሮ ይዞራል።

የዚህ አስተሳሰብ ጫፍ ፖርሽ 917 ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1969 ብቅ ያለችው ይህች መኪና 800 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ባለ 12 ሲሊንደር 4.5 ሊትር ሞተሯም በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ስለነበር፣ ከሞቀ ውኃ የሚገኘው ሙቀት ከመነሻውም አልነበረም። በሰኔ 1970 ዝናቡ ውድድሩን ባጥለቀለቀው ጊዜ ኸንስ ኸርማንና ሪቻርድ አትዉድ ቁጥር 23 የሆነችውን 917 እየተፈራረቁ ነድተው ለፖርሽ የመጀመሪያውን የለ ማን ጠቅላላ ድል አስገኙ፤ በሕጉ መሠረት ውድድሩን ጨርሰው ደረጃ የተሰጣቸው መኪኖች ሰባት ብቻ ነበሩ። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሰከንድ 83 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መስታወቱን በጓንት ለመጥረግ ሦስት ሰከንድ የወሰደ አሽከርካሪ 250 ሜትር በከፊል ዕውርነት አለፈ ማለት ነው። ስለዚያ ድል ሲወራ ስለ ጎማና ስለ ሞተር ብዙ ይነገራል፤ በሌሊትና በዝናብ መንገዱን ለይቶ ማየት መቻል ግን ከሁለቱም የሚያንስ ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ማሞቂያ ለሌለው ሰው የቀረለት አንዱ መላ ነፋስ ነው። ከመኪናው አፍንጫ አየር ወደ መስታወቱ ሥር በቱቦ ይሳባል፤ ነገር ግን ጀማሪዎች ዘወትር የሚስቱት፣ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከኋላ ካልተበጀለት በስተቀር የሚገባበት ቢበዛ ዋጋ እንደሌለው ነው፤ የሞላ ጠርሙስ ተጨማሪ አይቀበልም። ይህ መላ ሌላም ጉድለት አለው፤ ነፋሱ የሚገኘው መኪናው ሲሮጥ ብቻ ነው፣ መስታወቱ በብርቱ ጉም የሚለብሰው ግን መኪናው በመነሻው መስመር ላይ ቆሞ ምልክት ሲጠብቅ ወይም አደጋ ደርሶ ሁሉም በዝግታ ሲጓዝ ነው።

ሁለተኛው መላ ሳሙና ነው። መስታወትን የሚጋርደው ውኃው ራሱ ሳይሆን ውኃው በጥቃቅን ጠብታዎች ተከፋፍሎ ብርሃንን መበታተኑ ስለሆነ፣ ጠብታዎቹን አንድ ላይ አዋህዶ ስስ ንጣፍ የሚያደርጋቸው ነገር ከተቀባ በውኃው ውስጥ አሻግሮ ማየት ይቻላል፤ የሳሙና ጠባይም ይኸው ነው። ይህ ቀላል ዕውቀት በሰኔ 1966 በሕዋ ላይ ሳይቀር ተፈላጊ ሆኗል፤ በጄሚናይ 9 የተጓዘው ዩጂን ሰርናን ከመንኮራኩሩ ወጥቶ ሲሠራ ድካሙ ስለበረታበት የራስ ቁሩ መስታወት በትንፋሹ ተጋርዶ ሥራውን ሳይፈጽም ለመመለስ ተገደደ፣ ከእርሱ በኋላ ለሚወጡት ጠፈርተኞችም መስታወቱ ጉም የሚከላከል ቅባት ይቀባ ጀመር። በእሽቅድምድም ጋራዥ ውስጥ የጺም መላጫ አረፋ የያዘ መካኒክ ቢታይ ሥራው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሦስተኛው መላ ኤሌክትሪክ ነው። በመስታወቱ ንብርብሮች መካከል ዓይን በጭንቅ የሚለያቸው ቀጫጭን ሽቦዎች ተዘርግተው ሲሞቁ ገጹ ከጤዛ ነጥብ፣ ማለትም ተን ወደ ውኃ መለወጥ ከሚጀምርበት የሙቀት ደረጃ፣ በላይ ይቆያል። መላው ግሩም ነው፤ ነገር ግን ከባትሪው ብዙ ይበላል። መስታወቱ ክብደቱ ቀላል በሆነና በቀላሉ በማይሰበር ፖሊካርቦኔት በተባለ ፕላስቲክ ሲተካ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ፖሊካርቦኔት ቶሎ ይጫራል፣ አሸዋ በነካው ጨርቅ የተወለወለ እንደሆነ ጉሙ ቢጠፋም ጭረቱ ይቀራል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ በለ ማን በተደጋጋሚ ያሸነፉት ክፍት መኪኖች መሆናቸው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ያወጣቸው ነበር፤ በ2003 ድል ያደረገችው ቤንትሊ ስፒድ 8 ባለ ጣሪያ ብትሆንም። ከ2011 ጀምሮ ግን በዚያ ውድድር ጠቅላላ ድል ያገኘ ክፍት መኪና የለም። ጣሪያው ሲመለስ ለአሽከርካሪው ሙቀት ተብሎ የአየር ማቀዝቀዣም አብሮ ገባ፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ አየሩን በቀዝቃዛ ቱቦዎች መካከል ስለሚያሳልፈው ጤዛው መስታወቱ ላይ ሳይሆን ቱቦዎቹ ላይ ያርፍና በቀዳዳ ወደ መሬት ይፈሳል። አቅሙ የሌላቸው አማተር ተወዳዳሪዎች ግን ዛሬም በነፋስና በሳሙና ላይ ይተማመናሉ፤ ወገብና ትከሻን ጠፍሮ የሚይዘው የደኅንነት ቀበቶ እጃቸውን ወደ መስታወቱ ስለማያደርስ፣ ንጹሕ ጨርቅ በእንጨት ጫፍ አስረው ከመቀመጫቸው አጠገብ ያስቀምጣሉ።