ውርጭ የማይደርስበት ዘንባባ

የባሕር ዳር ጎዳናዎች መለያ በረድፍ የቆመው ዘንባባ ነው። ከተማዋ ዘመናዊ መልክ የያዘችው በ1950ዎቹ ነው፤ ጀርመናዊው ማክስ ጉተር ማስተር ፕላኗን የነደፈላትም ያን ጊዜ ነበር። ዛፉ ግን ለአካባቢው እንግዳ አልነበረም፤ የአገሬው ዘንባባ ከጥንትም የወንዝ ዳር ተክል ነው። ቅጠሉ ሰሌን ይሠራበታል። በሆሳዕና ዕለት ደግሞ ምእመኑ ተባርኮ የተሰጠውን ቅጠል ሰንጥቆ በግንባሩ ያስረዋል፣ ልጆችም ቀለበት አድርገው በጣታቸው ያጠልቁታል።

ዘንባባን ብርድ የሚጎዳው በአናቱ በኩል ነው። አንዱ ግንድ የሚያድገው ጫፉ ላይ ካለች አንዲት እምቡጥ ብቻ ስለሆነ፣ እሷን ውርጭ ከመታት ግንዱ አለቀለት። በለንደኑ የኪው የዕፅዋት አትክልት ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ1844 እስከ 1848 ትልቅ የመስታወት ቤት የተሠራለትም ለዚሁ ነው። ደጅ የተተከለውን የአውሮፓ አትክልተኞች ቅጠሉን ወደ ላይ ሰብስበው ያስሩታል፤ ልቡን በጭድ ይሸፍኑና በጆንያ ይጠቀልሉታል። ሽፋኑ እርጥበት ካፈነ ግን እምቡጧ ትበሰብሳለች።

ባሕር ዳር ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልጋትም። እዚህ ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ ብርዱ የሚበረታው በበጋው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ነው። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም፣ ቀን የሞቀው የጣና ውኃ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ያለዝብላታል። ውርጩ እንደ ጉና ላሉ ከፍተኛ ተራሮች ነው። የባሕር ዳር ችግኝ ጥበቃ የሚሻው ከበጋው ድርቀትና ከከብት ነው፦ ውኃና አጥር።